ሳይደሙ መታየት

«ያስወረድሽውን ተናገሪና ደሙ ይቁም!»

ይህን ያለኝ ታላቅ ወንድሜ ቦጋለ ነው። ጨንቻ፣ እናቴ ቤት ውስጥ፣ ሽማግሌዎች ዙሪያውን ተቀምጠው እየሰሙ፣ ምራቁ ፊቴ ላይ እስኪያርፍ ቀርቦኝ። እኔም አፌ አያርፍም።

«ከማን አርግዤ? ከሙዝ ግንድ?» አልኩት። አርባ ምንጭ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ የመንግሥት እርሻ ላይ ሙዝ ተሸካሚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምታቀፈው እሱን ብቻ ነው።

ቦጋለ ሸማኔ ነው። በእጁ የነበረውን መወርወሪያ፣ ያንን ድርና ማግ የሚያጋጥምበትን ሁለት ጫፉ የሾለ እንጨት፣ ፊቴ ላይ ወረወረው። ቅንድቤ ተሰነጠቀ። ደሙ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ እንኳ የማስበው ስለ ሌላኛው ደም ነበር፤ ከታች ስለሚወርደው።

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሰገራው ላይ ደም እያየ ሱሪውን ተደብቆ የሚያጥብ ወንድ ካለ፣ ቀሚሷን ጓሮ የምትቀብር ሴት ካለች፣ ለእነሱ ነው። ጨዋ ቃል አልመርጥም። ጨዋ ቃል ሊገድለኝ ነበር።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የማትሪክ ውጤቴ ስላልበቃኝ ነው እርሻው የገባሁት። አንድ ጠዋት ሽንት ቤት ተቀምጬ ስነሳ ደም አየሁ። ቀይ፣ ንጹህ ደም። ሆዴን አልቆረጠኝ፣ አላቃጠለኝ። በሳምንቱ ደግሞ መጣ። ከዚያ የማይመጣበት ቀን አነሰ። ለአለቃችን ታምሜያለሁ ብዬ ነገርኩት።

«የወር አበባሽ ነው። ሥራ ለመሸሽ ነው» አለ።

«የወር አበባ በየት በኩል እንደሚመጣ ሄደህ ሚስትህን ጠይቃት» አልኩት። ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቦዩ ማዶ ካለው ከሩቁ ማሳ አሸከመኝ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ልጅ ያዘሉ እናቶች መሐል፣ አግዳሚው ላይ ፀሐይ እየመታኝ ጠብቄ ስገባ ድሬሰሩ ፊቴን ቀና ብሎ አላየም። «ተቅማጥ አለሽ?» «የለኝም።» «ደም አለ?» «አለ።» «አሜባ ነው» ብሎ ክኒን ሰጠኝ። ክኒኑ አፌን ሚስማር ሚስማር አሰኘው። ደሙ ግን እንዳለ ነው። ተመልሼ ሄድኩ። «አሜባው ተላምዶሻል» ብሎ ጨመረልኝ። አንድም ቀን ልይሽ አላለኝም። ወደ በሩ እየሄድኩ «ወንበሩ ላይ ያለውን ጨርቅ አጥበው፤ ደሜ ነክቶታል» አልኩት። ያን ጊዜ ብቻ ቀና አለ።

ከዚያ የምኖርበት የሲቀላ ሰፈር ጎረቤቶቼ ኪንታሮት ነው ብለው ወደ አንድ የባህል መድኃኒተኛ ወሰዱኝ። ሰውየው የተወቀጠ ቅጠል በጨርቅ ጠቅልሎ ከተተብኝ። ሦስት ሴቶች ትከሻዬንና እግሬን ይዘውኛል። እሳት ነው ብዬ ብናገር ያንሳል። አንዷን እጇን ነክሼ አደማኋት፤ እንዲያም ሆኖ አልለቀቁኝም። ከዚያ በኋላ በሆዴ ተኝቼ ሰነበትኩ፤ መቀመጥ የለም፤ ሽንት ቤት መሄድ ሞት ነው። «ሥሩ ወጥቷል፤ ተፈውሰሻል» አለኝ መድኃኒተኛው። ሥሩን አሳየኝ ስለው ተቆጣ።

ሙዝ እንደተሸከምኩ ቦዩ ዳር ስወድቅ ማሳው ሁሉ ጥቁር ሆነብኝ። ሲያነሱኝ ከንፈሬ ወረቀት ሆኗል ይላሉ። ጨንቻ የሚወጣ ጭነት መኪና ላይ ጭነው እናቴ ቤት አደረሱኝ።

እናቴ አጥንቴን እየዳሰሰች «ከየት ነው የሚፈስሽ ልጄ?» አለችኝ። ከየት እንደሆነ በስሙ ነገርኳት። እጇን አፌ ላይ ጫነች። «እንደ አባትሽ!» አለች። ለሽማግሌዎቹ ስትናገር ግን ቦታውን አፏ እምቢ አለ። «ልጄን ደም ይፈሳታል» ብቻ አለቻቸው። ያላገባች፣ ከተማ የምትኖር፣ ደም የሚፈሳት ልጅ። ምን እንዳሰቡ መንገር አያስፈልገኝም።

እናቴ ጴንጤ ናት። ጸሎት ቤታቸውን ቀበሌው አሽጎታልና ወንድሞችና እህቶች በየቤቱ እየተንሾካሾኩ ይጸልያሉ። መጥተው ጸለዩልኝ፤ ሲጨርሱ «የተሰወረ ኃጢአት ካለ ግለጪው» አሉ። ያመኑበት ጸሎት ስለሆነ አልጣላቸውም። በማግስቱ ደግሞ የአባቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ዳልቃ ከሽማግሌዎች ጋር መጣ። እነሱ የሚፈልጉት ጎሜ ነው። ጎሜ የተከለከለውን የተላለፈ ሰው ላይ፣ አንዳንዴም ልጁና የልጅ ልጁ ላይ የሚመጣ መዓት ነው። ጎሜ ያለበት ይታመማል፤ ሽማግሌዎቹ ጠይቀው ጠይቀው ያወጡታል፤ በደለኛው ይናገራል፤ በግ ይታረዳል፤ ይድናል። ጸሎተኞቹም ሽማግሌዎቹም አፌን እንጂ ሆዴን አላዩም።

ጎሜ ሲፈለግ ግን ከሩቅ ይጀመራል፤ ከሙታን። አጎቴ ዳልቃ ጋቢውን አስተካክሎ ቆጠረልኝ። አያቴ በጉልምስናው ከኋላው ደም እየወረደው ከስቶ ሞተ፤ የድንበር ድንጋይ ገፍቶ ነበር ተባለ። አክስቴ ሁለተኛ ልጇን እንደወለደች እንዲሁ ሞተች፤ ተጣልታ ከባሏ ቤት ስትወጣ እህል ይዛ ሄዳ ነበር ተባለ። አባቴ የገበሬ ማኅበሩ መታረስ የተከለከለውን የአደባባዩን ሣር እረሱ ሲል አብሮ አረሰ፤ ተናዘዘ፣ በግ አረደ፣ ሞተ። ሬሳው ሲታጠብ ሰውነቱ ላይ ቆዳና አጥንት ብቻ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

«አሁን ደግሞ አንቺ» አለ አጎቴ። «ያንቺው የቱ ነው?»

«እኔ ምንም አልተላለፍኩም። እንደ አባቴ ታምሜያለሁ» አልኩ። ቦጋለ እግሩን ሰዶ ከሚሸምንበት ጉድጓድ ዘልሎ የወጣው ያኔ ነው። ያስወረድሽውን ያለኝ፣ መወርወሪያውን የወረወረው ያኔ ነው። አልበቃውም፤ ፀጉሬን ይዞ ወደ ደጅ ጎተተኝ፣ ጎኔን ረገጠኝ። አጎቴ ዳልቃ ሽማግሌ ነው፤ አይሮጥም፤ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጭቶ በሁለት እጁ ይዞ በመሐላችን ተንበረከከ። ጋሞ ያልሆነ ሰው ሲሰማው ይገርመዋል። ሽማግሌ ወይም እናት እርጥብ ሣር ይዞ ከፊቱ የተንበረከከበት ሰው እጁን ይሰበስባል። ጠብ እዚያ ያበቃል። ሣሩን ተሻግሮ ከመምታት የከፋ ጎሜ የለም። ቦጋለ አረፋ እየደፈቀ ቆመ። እግሩን ሲመልስ ሱሪው ከኋላ ርሶ አየሁ። ትንሽ፣ ጠቆር ያለ። ማንም አላየም። እኔ ግን ያን መሳይ ጨርቅ ስንት ጊዜ አጥቤያለሁ!

ያን ዕለት ራሴን ስቼ በማግስቱ አርባ ምንጭ ሆስፒታል አወረዱኝ። ደም ሰጡኝ። አንዱ ሐኪም ጓንት አድርጎ በጣቱ መረመረኝ፤ ከታመምኩ ጀምሮ ልይሽ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። አሳፈረኝ? አላሳፈረኝም። ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። «ከጣቴ በላይ ያለውን ማየት አለብን፤ መሣሪያው ያለው አዲስ አበባ ነው» አለ።

የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ «ለልማት ዘመቻ ስትጠሪ በሽተኛ፣ አዲስ አበባ ለመንሸራሸር ግን ደህና ነሽ!» አለኝ። ዞሬ ቀሚሴን ከኋላ አሳየሁት። ፈረመ።

በመንገዱ በየኬላው ወጣት ወንዶችን እያወረዱ ወደ ጦር ግንባር ያፍሱ ነበር። ከፊቴ የተቀመጠውን ልጅ እናቱ ወገቡን ይዛ ስትጎተት ወታደሩ በሰደፍ ክንዷን መታት። ክንዷ ሲሰበር ሰማሁት። አውቶቡሱ ተነሳ።

ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔ ዘመዶቻችን ግቢ አረፍኩ። ሆስፒታሉ ደጃፍ መጠበቅ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሰው መሬት ተኝቶ ተራ ይጠብቃል። አጠገቤ የነበረች የሰላሌ ሴትዮ የያዘችውን ቆሎ ስታካፍለኝ «ምንሽን ነው?» አለችኝ። «ቂጤን» አልኳት። ቆሎው ትን ብሏት እስክታነባ ሳቀች። ደጉ ነገር እንዲህ በቁንጥር ነው የሚመጣው።

ተራዬ ሲደርስ ዶክተሩ በአጭር የብረት ቱቦ አየኝ። «ትንሽ ኪንታሮት አለ፤ እሱ ሊሆን ይችላል» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ጉዳዬን ሊዘጋብኝ ነው። ግን መጻፉን ሳያቋርጥ፣ ልማድ ሆኖበት ነው መሰለኝ፣ «ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ አለ?» አለ።

የአጎቴ የዳልቃ ቆጠራ ያኔ ከአፌ ወጣ። አያቴ፣ በጉልምስናው፣ ከኋላው እየደማ። አክስቴ፣ ሁለት ልጅ ወልዳ፣ እየደማች። አባቴ፣ ፀጉሩ ሳይሸብት፣ እየደማ። ማን በየትኛው ዕድሜ፣ ስንት ጊዜ ታሞ፣ ምን ያህል ከስቶ፤ ሽማግሌዎቹ ጎሜ ፍለጋ አንድ ሳያስቀሩ የቆጠሩትን ሁሉ። ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይህን ሁሉ ማን ነገረሽ?»

«ኃጢአቴን ሲፈልጉ የነበሩ ሰዎች።»

«ኪንታሮት ነው ያልኩትን ተይው» አለ። «አንጀትሽን እስከ መጨረሻው ማየት አለብኝ።»

ምርመራው ኮሎኖስኮፒ ይባላል። ጫፉ ላይ መብራት ያለው፣ ጣት የሚያክል፣ ከእኔ ቁመት የማይተናነስ ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ ደንዳኔ የሚባለውን ትልቁን አንጀት ሁሉ ያያል። ቱቦውን ሲያሳየኝ ደነገጥኩ።

«ይሄ ሁሉ?»

«ይሄ ሁሉ።»

«አንተ ውስጥ ገብቶ ያውቃል?»

«ያውቃል» አለ ሳይስቅ። «ውጭ አገር ስንማር መምህራችን መጀመሪያ እናንተ ቅመሱት ብሎናል።»

ለዚያ ግን አንጀት ባዶ መሆን አለበት። ቆጮ የለ፣ እንጀራ የለ፤ ቀጭን አጥሚትና ሻይ፣ ከዚያ የጉሎ ዘይት። በሕይወቴ ኮሶ ጠጥቻለሁ፤ ኮሶ ከዚህ አንጻር ማር ነው። ግቢው ውስጥ ላሉት ሸማኔዎች ሁሉ ያለው አንድ ሽንት ቤት ነው። ገብቼ አልወጣ አልኩ። ከውጭ ቆርቆሮውን ይደበድቡታል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ተከራየሽው እንዴ?»

«ዶክተሩን ሂዱና ደብድቡት!» ብዬ ከውስጥ ጮህኩ። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ «ተዉአት፤ ፋብሪካ ነው የከፈተችው» ሲል ግቢው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሆዴን ይዤ፣ እያለቀስኩ፣ ሳቅኩ።

ስለ ምርመራው አልዋሻችሁም። የሚያደነዝዝ መርፌ ሰጥተውኛል፤ ግን አልበቃኝም። በጎኔ አስተኝተው ነርሷ ጉልበቴን ወደ ሆዴ አጥፋ ያዘችኝ። አየር ሲነፉብኝ እንደ ኳስ ተወጠርኩ። ቱቦው አንጀቴ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሲደርስ ከውስጥ ቡጢ እንደሚመታ ነው። በጋሞኛ ዘሩን ሁሉ ሰደብኩለት። «ተሳደቢ፤ ግን ተንፍሺ» አለኝ። ከዚያ ቱቦውን በድንገት አቆመ።

«ማየት ትፈልጊያለሽ?»

ለተማሪዎች የሚቀጠል ሁለተኛ መመልከቻ ነበረው። ወደ ዓይኔ አስጠጋልኝ። ሮዝ፣ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ ዋሻ አየሁ። የራሴ ነው። ግድግዳው ላይ ዘንግ ያላት ቀይ እንጉዳይ በቅላለች፤ ጫፏ ይደማል።

«ያቺ ናት?» አልኩ። «ቅንድቤን ያስሰነጠቀችኝ ያቺ ናት?»

ፖሊፕ ትባላለች፤ አንጀት ላይ የምትበቅል ሥጋ። ብዙዎቹ ጉዳት የላቸውም። አንዳንዶቹ ግን ዓመታት ወስደው ካንሰር ይሆናሉ። የእኔ ብቻዋን አልነበረችም። ትንንሾቹን እዚያው በጋለ ሽቦ አንቆ ቆረጣቸው። አንዷ ግን ዘንግ የሌላት፣ ተንጣልላ የተኛች ነበረችና ሆዴን ቀደው ከነአንጀቱ ቁራጭ አወጧት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያሉት ሌሊቶች ክፉ ነበሩ፤ አጠገቤ የተኛችው ሴት ያቃስት የነበረ ድምፅዋ ሲቆም ነርሷ መጥታ አንሶላውን ፊቷ ላይ ጎተተች፣ ከዚያ እኔ አልጋ ላይ ተቀምጣ እጄን ያዘች። ደግ ነበረች።

የሥጋው ምርመራ ውጤት ሲመጣ ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ወደ ካንሰር መዞር ጀምራ ነበር። ግድግዳውን ሳታልፍ ደርሰንባታል። በየጊዜው እየመጣሽ ትታያለሽ» አለ። ከዚያ «ወንድም እህት አለሽ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ወንድሜ ይደማል። ታናሽ እህቴ ግን ደህና ናት።»

«ደህና መሆኗን በምን አወቅሽ? ይህ ነገር በዘር ይወርዳል፤ ሲጀምር አያምም፣ አይደማም። ከደማ ቆይቷል ማለት ነው። እንደ እናንተ ባለ ቤት ሰው ሳይደማ ነው መታየት ያለበት። ሁለቱንም አምጫቸው።»

ቁስሌ ሲደርቅ ጨንቻ ወጣሁ። ደጁ ጉም ነበር። ቦጋለ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ ይሸምናል። ሳየው ደነገጥኩ፤ አንገቱ ቀጥኖ የአባቴን አንገት መስሏል። እናቴ ሆዴ ላይ ያለውን ስፌት ዳስሳ አለቀሰች። ዶክተሩ ያለኝን ሁሉ፣ እንዳለ፣ አንድ ቃል ሳላለዝብ ነገርኳቸው። ታናሽ እህታችን አስቴር፣ አስረኛ ክፍል ናት፣ ምሰሶውን ተደግፋ ሰማች።

«ዛሬ በሚነሳው መኪና እንወርዳለን። ሦስታችንም» አልኩ።

ቦጋለ መወርወሩን አላቆመም። «ኬላ ላይ ሊያፍሱኝ ነው የምትወስጂኝ?»

«ለታማሚ ይለፍ ይሰጣሉ። ትደማለህ።»

«ማን?»

«አንተ። ያን ቀን ስትረግጠኝ ሱሪህን አይቻለሁ።»

መወርወሪያው ቆመ። እናቴ ወደ እሱ ዞረች፤ ዓይኗን ሸሸ። «ሐሰት ነው» አለ። ከዚያ ጮኸ፤ «እሺ እኔስ ልሁን! እቺ ምን ሆነች? ያልታመመች ልጅ ወስደሽ፣ ወንድ ፊት አራቁተሽ፣ ቧንቧ ልታስከትቺባት? ማን ያገባታል? አስቴር ከዚህ ቤት አትወጣም!»

አስቴር «እትዬ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለች።

ቦጋለ ሳላየው ከጉድጓዱ ወጥቶ ነበር። አስቴርን በጥፊ ሲላት ምሰሶው ላይ ተላተመች፤ አፏ ደማ። ዘልዬ ጀርባው ላይ ተሰቀልኩ፤ ጆሮውን ነከስኩት፤ በክርኑ ስፌቴን መታኝ። ሆዴ የተቀደደ መስሎኝ መሬት ወደቅኩ። ጉድጓዱ ዳር ያለውን ዱላ አነሳ።

እናቴን ስትወጣ አላየኋትም። ስትገባ ነው ያየኋት። ቀሚሷ በጤዛ ርሷል፤ ሁለት እጇ ሙሉ እርጥብ ሣር ይዛለች። ከሽማግሌዎቹ ጎሜ ወጥቻለሁ፣ ጌታን ይዣለሁ የምትለው እናቴ። ከፊቱ ተንበረከከችና ሣሩን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በእግሩ ሥር ዘረጋችው። እሱ ከጉድጓዱ በኩል፣ እኛ ከበሩ በኩል።

«እማዬ፣ ተነሺ!» አለ።

«አባትህን አጥቤ ቀብሬያለሁ» አለች። «ከፈለግህ ተሻገር።»

ዱላውን እንዳነሳ ቆየ። ከዚያ ዱላው ቀስ ብሎ ወረደ፣ ከእጁም ወደቀ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ፤ ጎኑን አዘንብሎ፣ እኔ ስደማ እቀመጥ እንደነበረው።

ተነሳሁ። አስቴር አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ጫማዋን አጠለቀች። የይለፍ ወረቀቷን ቀድሜ አውጥቼላት ነበር፤ የእሱንም አውጥቼ ነበር፤ ሣሩ ማዶ መሬት ላይ አስቀመጥኩለት። በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ። ስሜን ከጠራ ቆይቶ ነበር።

«ቱቦው ያማል?»

«ያማል» አልኩት።

የአስቴርን እጅ ይዤ ወጣሁ።